«አንዳንድ አዮን» ወይስ «አንድ በአንድ»?

ጥያቄ፦ ቀዝቃዛ አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙሌት ያላቸውን አቶሞች) ስለሚለቅ መሣሪያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «መሣሪያው አንዳንድ አዮን ይለቃል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «አንድ በአንድ» በል አለኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ በሰዋስው ከሄድን ሁለቱም ያስኬዳሉ። እዚህ ቦታ ላይ ግን ሁለቱንም አልመርጣቸውም።

«አንዳንድ» ሁለት ፍቺ አለው። «ለልጆቹ አንዳንድ መጽሐፍ ሰጠቻቸው» ሲባል ለእያንዳንዳቸው አንድ ደርሷቸዋል። «አንዳንድ መጻሕፍት» ሲባል ግን ቁጥሩ ያልተነገረ ጥቂት ነው። እርስዎ ያሰቡት የመጀመሪያውን ነው። አንባቢ ቶሎ የሚመጣለት ሁለተኛው ነው፤ «አንዳንዴ»ም እዚያው አጠገብ አለ። ታዲያ ዓረፍተ ነገርዎ «አልፎ አልፎ ጥቂት አዮን ይለቃል» ተብሎ ይነበባል።

መሣሪያው የተሠራው ደግሞ ይህንኑ ለማስቀረት ነው። በተለመደው የአዮን ጨረር አዮኖቹ የሚመጡት በዘፈቀደ ነው። በአንድ ምት (ጨረሩ አንዴ በተላከ ቁጥር) በአማካይ አንድ አዮን እንዲደርስ ቢመጠን እንኳ፣ ከ100 ምት 37ቱ ገደማ ባዶ ይሆናል፤ 26ቱ ገደማ ሁለትና ከዚያ በላይ ይዞ ይመጣል። አልማዝ ወይም ሲሊከን ውስጥ አንዲት አቶም ብቻ ለመትከል ለሚፈልግ ሰው ይህ አይሆንም።

በዚህ መሣሪያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ1989 የኖቤል ተሸላሚ ቮልፍጋንግ ፓውል ባበጀው ዓይነት የኤሌክትሪክ ወጥመድ የካልሲየም አዮን ይያዛል። 397 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ያቀዘቅዘዋል። በዚያው ብርሃን አዮኑ ራሱ ያበራል፤ ካሜራው ላይ አንዲት ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሁለት ነጥብ ከታየ ትርፉ ይወገዳል። ከዚያ የወጥመዱ ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ የሚሰጣቸው ብረቶች) ላይ ቮልቴጅ ተለቆ አዮኑ ይወነጨፋል። ስለቀዘቀዘም ወዲያ ወዲህ አይልም፤ ኢላማው በናኖሜትር የሚለካ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር፣ አዮኑ ከመለቀቁ በፊት ተቆጥሯል።

«አንድ በአንድ» ይህን አይነግረንም። የሚናገረው ስለ ተራ ነው፤ ተከታትለው መጡ ይላል። «አንድ በአንድ አስረዳኝ» ስንል እንደውም «በዝርዝር» ማለታችን ነው። መቼ እንደሚመጡ፣ በተጠየቀ ጊዜ ስንት እንደሚመጣ አይገልጽም። ደካማ ጨረርም አዮኖቹን አንድ በአንድ ሊያመጣ ይችላል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «መሣሪያው በታዘዘ ቁጥር አንድ አዮን ብቻ ይለቃል»። «በታዘዘ ቁጥር» አስተማማኝነቱን ይዟል። «ብቻ»ን እንዳይጥሏት። «አንድ አዮን» ለብቻው «የሆነ አዮን» ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ «አንድ ሰው መጣ» እንደምንለው።

ለመሣሪያው ስም «የነጠላ አዮን ምንጭ» የሚሉ ያጋጥሙዎት ይሆናል። እኔን አይመቸኝም። ካልሲየሙ ያጣው አንድ ኤሌክትሮን ስለሆነ «ነጠላ» ስለ ሙሌቱ የተነገረ ሊመስል ይችላል። «አዮን በነጠላ የሚለቅ ምንጭ» ቢሉት ረዘም ይላል፣ ግን «በነጠላ» ማንም የሚያውቀው አነጋገር ነው፤ ስለ ሙሌት ነው ብሎ የሚረዳው አይኖርም።