አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከጎረቤት ተጣልቶ በዱላ በመምታቱ በከባድ የአካል ጉዳት ተከሰሰ። «ካመንክ ይቀልልሃል» ተብሎ ቢያምን አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ ብሎ ነፃ መውጣት ይችላል? (ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ እህታችን፣ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185(1) መሠረት በእምነቱ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው፤ በጥፋተኝነቱ ላይ አይችልም።

የፍርዱን ቀን ግን አልጻፉልኝም። የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ይሰጣል፤ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ሽምግልናው ይለቅ እያላችሁ ቀኑን አሳልፋችሁ ከሆነ ከባድ ስሕተት ነው። የዘገየው በእሱ ወይም በጠበቃው ጥፋት አለመሆኑን ካላስረዳችሁ ፈቃድ አይገኝም።

«ይቀልልሃል» ያለው ማን እንደሆነም አልነገሩኝም። ሽማግሌም ይሁን መርማሪ ወይም ዐቃቤ ሕግ፣ በፍርድ ቤት ደጅ የተሰጠ ተስፋ ዳኛውን አያስገድድም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ጥፋተኝነት ድርድር (ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ስለሚያደርገው ስምምነት) ይናገራል፤ ነገር ግን ከዐቃቤ ሕግ ጋር የተፈረመ ወረቀት ከሌለ በቃል ተስፋ ላይ ይግባኝ አይቆምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አምኗል» የምትሉት እናንተ ናችሁ፤ መዝገቡ ምን ይላል? ለፖሊስ የሰጠው ቃል ሌላ ነው፤ የሚያስፈልገን ዳኛው ክሱን አንብበውለት ሲጠይቁት የሰጠው የእምነት ክህደት ቃል ነው። እንደ ጥፋተኝነት እምነት የሚቆጠረው የክሱን ፍሬ ነገር በሙሉ፣ ያለ ምንም ማመንታት ሲያምን ነው (አንቀጽ 134)። «መትቼዋለሁ፣ ግን ቀድሞ የመጣብኝ እሱ ነው» ብሎ ከሆነ ይህ በአንቀጽ 133 እንደ ክህደት ተመዝግቦ ምስክር መሰማት ነበረበት። «መታሁት» ማለትም ከባድ ጉዳት ለማድረስ አስቤ ነው ማለት አይደለም። በወንጀል ሕጉ በከባድ የአካል ጉዳት አንቀጽ 555 እና በቀላል የአካል ጉዳት አንቀጽ 556 መካከል ያለው የቅጣት ልዩነት ሰፊ ነው። ቃሉ እንዲህ ከሆነ የይግባኙ መከራከሪያ «አምኖ ተጸጸተ» ሳይሆን «በሕግ አነጋገር አላመነም» ነው፤ ያኔ የ185(1) ክልከላ አያግደውም። ቃሉ ጥርት ያለ እምነት ከሆነ ግን «ተታልዬ ነው» ማለት ብዙም አያራምድም፤ ጉልበታችሁን በቅጣቱ ላይ አውሉት።

ለዚያም እርቅ ተፈጽሞ እንደሆነ፣ የተጎጂውን ማሳከሚያ ከፍላችሁ እንደሆነ ይንገሩኝ። ጥፋትን ማመንና ተጎጂን መርዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82(1)(ሠ) ቅጣት ያቀልላል። ፍርዱ ይህን አስልቶ እንደሆነ ግልባጩ ያሳያል።

ስለዚህ የክስ ማመልከቻውን፣ የእምነት ክህደት ቃሉ ያለበትን የመዝገብ ግልባጭ፣ ፍርዱን፣ የሐኪም ማስረጃውን፣ የእርቅ ውሉንና የሕክምና ደረሰኙን ይዘው ደብረ ብርሃን ጠበቃ ያማክሩ፤ አቅም ካነሰ መንግሥት የሚያቆመውን ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቁ። ከወረዳ ፍርድ ቤት የመጣ ይግባኝ የሚታየው በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃው ማረሚያ ቤት ሄዶ ወንድምዎን ራሱን ያነጋግረው። ጥፋተኝነቱ ቢሻር ክርክሩ እንደገና ተከፍቶ ምስክር ሊሰማበት፣ በማመኑ ያገኘው ማቅለያም ሊቀር ይችላል፤ ይህን አውቆ የሚወስነው እሱ ነው።