ወፍጮ ቤቱ አልሰረቀሽም

እህቴ፣ አንድ ኩንታል የአርሲ ስንዴ ገዝተሽ እዚሁ አዳማ ሰፈርሽ ወፍጮ አስፈጨሽ፤ ዳቦው ጠቆረ፣ እንደ ፉርኖ ዱቄትም ኩፍ አልል አለሽ። «ቀላቅለውብኝ ይሆን?» ብለሻል። ዱቄት ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ ልመልስልሽ።

አልቀላቀሉብሽም። የሰፈር ወፍጮ ስንዴውን ከነልጣጩ ነው የሚያደቅልሽ። ከፍሬው 83 በመቶ ያህሉ ነጩ ሆዱ ነው፤ 14 በመቶ ያህሉ ልጣጭ፣ የቀረችው ትንሽዬ የሚበቅልባት ጫፍ ናት።

ፋብሪካ ግን ከመፍጨቱ በፊት ይፈለቅቃል። ስንዴው ተበጥሮ ጠጠሩና እንክርዳዱ ይወጣለታል (እንክርዳድ የቀረበት ዳቦ እንዴት እንደሚያዞር የበላ ያውቀዋል)። ከዚያ ውሃ ይጠጣል። 11 በመቶ እርጥበት ያለውን ኩንታል 16 ለማድረስ 6 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ከዚያ አንዳንዴ እስከ 24 ሰዓት ያርፋል። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ልጣጩ እንደ ቆዳ ይለዝባል፣ ሆዱ በቀላሉ የሚፈርስ ይሆናል። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ወረፋው አስጨንቆኝ አምስት ሰዓት እንኳ ያላረፈ ስንዴ ለቀቅሁ። ልጣጩ ደቅቆ ከወንፊቱ አብሮ አለፈ፣ ዱቄቱ አመድ መሰለ። ጠዋት አለቃዬ ዘግኖ አየው፤ ምንም አልተናገረኝም፣ እሱ ነው የባሰው።

የቀረው የሮለር፣ የሚሽከረከረው የብረት መፍጫ፣ ሥራ ነው። ጥርስ ያላቸው ሁለት ሮለሮች፣ አንዱ ከሌላው ፈጥኖ እየዞረ፣ ፍሬውን ከፍተው ሆዱን ከልጣጩ ይፍቃሉ፤ ይነፋል፤ ጥርስ የሌላቸው ለስላሳ ሮለሮች ደግሞ ሆዱን አድቅቀው ያልሙታል። ከኩንታሉ 75 ኪሎ ገደማ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ሌላው ፉሩሽካና ፉሩሽኬሎ (ሸካራውና ደቃቁ የልጣጭ ተረፈ ምርት) ሆኖ ለከብት ይሄዳል። አንቺ ያንን ሁሉ ነው ቤትሽ ያስገባሽው።

ውሃ ማጠጣቱን ግን በሰፈር ወፍጮ አትሞክሪው፤ እርጥብ እህል ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። አጥበሽ በደንብ አድርቂው። ዱቄቱ ከወፍጮ ትኩስ ነው የሚወጣው፤ እስኪበርድ የማዳበሪያውን አፍ አትሰሪው። ነጭ ከፈለግሽ በጥሩ ወንፊት ንፊው። ካልነፋሽው ሊጡን ውሃ ጨምሪለት፣ ልጣጩ ይጠጣል። ደግሞ ኩንታሉን በአንዴ አታስፈጪ፤ ያቺ የሚበቅልባት ጫፍ ዘይት አላት፣ በአዳማ ሙቀት ቶሎ ትመርራለች።

ድንጋዩ መቼ እንደተወቀረም ጠይቂ። ገና የተወቀረ ከሆነ ወረፋሽን ለሌላ ልቀቂ፤ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል።