የበሬው ስም ማን ነበር?

ውድ ወጣቶች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በእንስሳት ሐኪምነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሙያውን የምትማሩ ልጆች ስታገኙኝ ስለ መድኃኒትና ስለ ክትባት ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ ወሬውን ሁልጊዜ ወደ ከብቱ ባለቤት እመልሰዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚጸጽተኝን ስህተት የሠራሁት በእንስሳ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነውና።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንድ አዛውንት ገበሬ በሬ በአባ ሰንጋ ሞተ። ቆዳው እንዳይገፈፍ፣ ሥጋው እንዳይበላ፣ በጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር አዘዝኩ፤ ይህ ትክክል ነበር። ከዚያ ግን ሽማግሌው ዝም ብለው እንደ ቆሙ አይቼ «አይዞዎት አባቴ፣ በሬ አይደል፣ ይተካል» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ወደ ማታ ጎረቤቶቻቸው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። በሬያቸው ቦራ ከጥጃነቱ እንዴት እንዳደገ፣ ያንን ድንጋያማ ማሳ እንዴት እንደገለበጠው አስወርተዋቸው፣ ሲነሡ «እግዜር ይተካልዎት» አሏቸው። ቃሉ የእኔው ቃል ነው፤ እነሱ ግን የተናገሩት ካዳመጡ በኋላ ነበር።

ለአራሽ የአንድ በሬ ሞት ማለት ለቀረው በሬ መቀናጆ (አብሮት የሚጠመድ ጥንድ) ፍለጋ ጎረቤት ደጅ መቆም ማለት ስለሆነ፣ እኛ የተማርን ሰዎች ኀዘኑን «የጥቅም ጉዳይ ነው» ብለን ማለፍ ይቀናናል። ነገር ግን በገበሬ ቤት ጥቅምና ፍቅር በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው፤ ገበሬው በሬውን በስሙ ይጠራዋል፣ ሲያርስም እንደ ሰው ያናግረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው፤ በጋምቤላ ባሉት ኑዌሮች ዘንድም ወጣት ወንድ በሚወደው በሬ ስም ይጠራል። (ውሻንና አህያን ግን ቋንቋችን ለስድብ አስቀርቷቸዋል፤ ውኃችንንና እህላችንን ለምትሸከም አህያ ይህ ውለታ መብላት ነው።)

ሳይንሱም ወደዚሁ መጥቷል፤ ሆኖም በጥንቃቄ አንብቡት። ኤሪካ ፍሪድማን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ በልብ ሕመም ታክመው ከሆስፒታል የወጡ 92 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው ነበር፤ እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች 3ቱ ሲሞቱ፣ ካልነበራቸው 39 ሰዎች ግን 11ዱ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ዓይነት ውጤት አላመጡም፤ ቀድሞውኑ ጤናው የተሻለ ሰው ውሻ ለመያዝ የተሻለ አቅም ሊኖረው እንደሚችልም አትዘንጉ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ነው፤ ውሻና ባለቤቱ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ፣ እናትንና ሕፃንን የሚያስተሳስረው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ዘንድ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በሰው እጅ ባደጉ ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም።

በሥራዬ ካየሁት ተነሥቼ ስናገር ግን፣ ሰውን የሚያቆመው መወደዱ ብቻ አይመስለኝም፤ መፈለጉም ነው። ልጆቿ ሁሉ ተሰደውባት ብቻዋን የቀረች እናት፣ ለራሷ ብላ ባትነሣ እንኳ፣ ላሟ ጎሕ ሲቀድ «እምቧ» ስትልባት ትነሣለች፤ ታልባለች፣ ሣር ታጭዳለች፣ በመንገዷም ከጎረቤት ጋር ሁለት ቃል ትለዋወጣለች። እንስሳው በቀኗ ውስጥ ሥርዓት ያስገባላታል፤ ሐዘን መጀመሪያ የሚያፈርሰው ደግሞ ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ብቸኝነት ተጫጭኗችሁ በኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ቡችላ ለማሳደግ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ማለዳችሁን ለእሱ መስጠት ትችሉ እንደሆነ መርምሩ። አድጎ ሲያስቸግር መንገድ ላይ የሚጣል ውሻ እሱም ይጎዳል፣ እናንተም ጸጸቱን ተሸክማችሁ ትኖራላችሁ። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት፤ ውሻ የነከሰውም ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ድባቴ የበረታበትንም ሰው ወደ ሐኪም ውሰዱት እንጂ «ውሻ ያዝ» ብላችሁ አትሸኙት።

የቦረና አርብቶ አደሮች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይዘንቡ አልፈው ከብቶቻቸው ያለቁባቸውን ዓመታት አስቡ። በእነዚያ ጊዜያት ቅጽ ይዘን የሄድን ባለሙያዎች የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ስንት ከብት ሞተብዎት?» የሚል ነበር። ቁጥሩ ለእርዳታ ሥራ ያስፈልጋል፤ ሆኖም መንጋው ያለቀበት ሰው ያጣው ሀብቱን ብቻ አልነበረም፤ ሲነጋ ወዴት እንደሚሄድም ጠፍቶታል። መጀመሪያ ተቀመጡና ያውራችሁ።

እኔ ከቦራ ሞት በኋላ በመዝገቤ ላይ የከብቱን ስም መጻፍ ጀመርኩ። ቅጹ ዝርያ፣ ዕድሜና ቀለም እንጂ ስም አይጠይቅም ነበርና ከዳር ባለው ባዶ ቦታ ላይ በእርሳስ እጽፈው ነበር።