በፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ስም ኮሌጅ ለመምረጥ ላሰበች

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ግዕዝና ታሪክ እወዳለሁ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሠሩበት ሚኒሶታ ያለው ሴንት ጆንስ ለማመልከት አስቤያለሁ። በማመልከቻ ድርሰቴ ስለ እሳቸውና ስለ ተቋሙ መሪዎች በሰፊው ብጽፍ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ የምታመለክቺበትን ቦታ እናጥራ። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ጆንስ ብዙ ነው። ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አናፖሊስና ሳንታ ፌ ደግሞ ሌላ ኮሌጅ አለ። ያንቺው ቤኔዲክታይን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1857 የመሠረቱት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው ነው። እሱም የወንዶች ኮሌጅ ነው። አንቺ የምትመዘገቢው ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ሴንት ጆሴፍ ባለው በሴንት ቤኔዲክት ኮሌጅ ነው። ትምህርቱና መምህራኑ የጋራ ናቸው፣ ከ2022 ወዲህ ፕሬዚዳንቱም አንድ ነው። ይህን ሳታውቂ ጽፈሽ ብትልኪ፣ አንባቢው ገና ከመጀመሪያው መስመር ሳትጠይቂ እንደመጣሽ ይረዳል።

አሁን ወደ ፕሮፌሰሩ። የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፣ በ1976 ሚኒሶታ ገቡ፣ በ1988 ለልዩ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠውን የአሜሪካ የማካርተር ሽልማት ተቀበሉ፣ በ2021 አረፉ። ዋናው ሥራቸው ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፤ እዚያው ሴንት ጆንስ ያለው፣ ሂል የሚባለው የብራና መጻሕፍት ማዕከል። ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተነሡትን ብራናዎች እየመረመሩ ይመዘግቡ ነበር። ከአሥሩ የካታሎግ ቅጾች በአብዛኞቹ ላይ ስማቸው አለ። እንግዲህ «እሳቸው ዘንድ ልማር» የሚል ድርሰት ሁለት ጊዜ ይሰናከላል፦ ሰውየው የሉም፣ የግዕዝ ትምህርት ክፍልም ትተው አልሄዱም። እዚያ ብትገቢ ዲግሪሽ ምናልባት በታሪክ ወይም በሥነ መለኮት ይሆናል፤ ግዕዙ በጎን የምትይዢው ነው።

መሪዎቹም ቢሆኑ የሚጠቅሙሽ ስማቸው ሲደረደር አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ የተጀመረው በ1965 ነው፣ አባ ኮልማን ባሪ የሴንት ጆንስ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያጠፋውን አስበው፣ ሌላ ጦርነት ሳይመጣ የአውሮፓ ገዳማት ብራና በፊልም ይነሣ አሉ። ኢትዮጵያ በ1973 ተከተለች፤ ተከትሎ የመጣውን የደርግ ዘመን ስታስቢ፣ ለጥቂት ነው የደረሰው። ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ዛሬ በምስል የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

እና ድርሰቱ ከዚህ ይጀምር፦ ቤተ መጻሕፍቱ በኢንተርኔት የንባብ ክፍል አለው፣ ምዝገባው ነፃ ነው። የኢትዮጵያ ማይክሮፊልም ስብስብ ቁጥር 1832ን ፈልጊ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነው፣ የ13ኛው መቶ ዘመን። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር እዚያው ውስጥ አለ። ካታሎጉን ከጎን አድርገሽ የቅጠሉን ብዛት፣ ዓምዱን፣ በገጽ ያለውን መስመር፣ በኋላ ሰው ጣልቃ የጻፈውን ማስታወሻ አንድ በአንድ አመሳክሪ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነውና በቀይ ቀለም የተጻፈው ቃል ሊደበዝዝብሽ ይችላል፤ ባዶ ቦታ መስሎሽ አትለፊው። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ስጪውና አንድ ያልገባሽን ነገር ለይተሽ ያዢ። 250 ቃል ከተፈቀደልሽ፣ የፕሮፌሰሩ ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የቀረው ያየሽውና ያልገባሽ ይሁን።

ቀጥሎ ዛሬ ማን እንደሚያስተምር አጣሪ። ብዙ አመልካች የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከስም አጠገብ «ኢመሪተስ» ካለ ጡረታ ወጥተዋል። «ተጋባዥ» ካለ አንቺ ስትደርሺ ላይኖሩ ይችላሉ። ረዳት ፕሮፌሰር ከሆኑ ቋሚነታቸው አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ዓመት ገደማ ይወሰናል። ቋሚዎቹም ለምርምር አንድ ሴሚስተር ወይም ዓመት ፈቃድ ይወጣሉ። የኮርስ መጽሐፉን ብቻ አትመኚ፣ ለዓመታት ያልተሰጠ ኮርስ እዚያ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ያለፉትን አራት ሴሚስተሮች የትምህርት ሰሌዳ እይ። የአንደኛ ዓመት ክፍል የሚያስተምሩትን ሰው ስም ከዚያ ታገኛለሽ። በትንሽ ኮሌጅ ወደፊት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ እሱ ነው፣ ግድግዳ ላይ ፎቶው የተሰቀለው አይደለም።

ለእኚህ መምህር ኢሜይል ስትጽፊ ከ120 ቃል አትለፊ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ከነቤተሰብ ስማቸው፣ ከ1832 ያገኘሽውን አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ምስጋና። ስለ ስኮላርሺፕ እሳቸውን አትጠይቂ፣ በእጃቸው አይደለም። ያን ለመግቢያ ቢሮው ጻፊና በቀጥታ ጠይቂ፦ «ከእርዳታው በኋላ ቤተሰቤ በዓመት ስንት ዶላር ይከፍላል?» መልሱ በቁጥር እስኪመጣ ሌሎች ሁለት ሦስት ኮሌጆችም ላይ አመልክቺ።