ማን ቆጠራቸው? ለማኅበራዊ ሳይንስ መምህርነት ለምትዘጋጁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1800 የዓለም ሕዝብ 1 ቢሊዮን ገደማ እንደ ነበር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ያን ጊዜ ማን ቆጠራቸው?» አለችኝ። ከዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቄ የወጣሁ ነበርኩ፤ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ የሕዝብ ዕድገት ምክንያቶችንም አንድ በአንድ መዘርዘር እችላለሁ፤ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ግን በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ጠይቄም ተጠይቄም አላውቅም። «መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩ። ልጅቷም ጥያቄዋን አልደገመችውም፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሌላ ጥያቄ ስትጠይቅ አልሰማኋትም።

ይህን የምጽፍላችሁ እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ፣ ገና በዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ፣ የዚያችን ልጅ ጥያቄ ለራሳችሁ እንድታቀርቡ ነው።

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ሲያሻው የታሪክ፣ ሲያሻው የጂኦግራፊ፣ አንዳንዴም የኢኮኖሚክስና የዜግነት ትምህርት ሰው ሆኖ ክፍል ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን እነዚህን ሁሉ የሚያስተምረው እርስ በርሳቸው ብዙም በማይነጋገሩ የትምህርት ክፍሎች ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ዕጩ መምህራን ከየመግቢያው ኮርስ ጥቂት ጥቂት ቀማምሰው ይመረቃሉ። እኔ ግን አንዱን መስክ መርጣችሁ እስከ ሥሩ እንድትወርዱበት፣ ቢያንስ አንድ የጥናት ጽሑፍም ከሌሎች ሰዎች መደምደሚያ ሳይሆን ከጥሬው ማስረጃ ተነሥታችሁ እንድትጽፉ እመክራለሁ። አንድ አባባል ከማስረጃ ተነሥቶ እንዴት እንደሚገነባ በአንዱ መስክ በእጁ ሠርቶ ያየ ሰው፣ ወደ ሌላው መስክ ሲሻገር እውቀቱ ቢያንሰው እንኳ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት አያጣውም።

ሳም ዋይንበርግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመውን ጥናት ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ስምንት የታሪክ ምሁራንና ስምንት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የአሜሪካ አብዮት ስለ ተጀመረበት የ1775ቱ የሌክሲንግተን ግጭት የተጻፉ ሰነዶችን በአእምሯቸው የሚመላለሰውን እየተናገሩ እንዲያነቡ አደረገ። ከምሁራኑ መካከል የጥናት መስካቸው ከአሜሪካ ታሪክ የራቀ ሰዎች ነበሩ፤ ተማሪዎቹም ሰነፎች አልነበሩም። ልዩነቱ የታየው በአነባበቡ ነው። ምሁራኑ ወደ ጽሑፉ ከመግባታቸው በፊት ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው ብለው ይመረምሩና አንዱን ሰነድ ከሌላው ያስተያያሉ፤ ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው እስከ መጨረሻው በቀጥታ ያነባሉ። ከሰነዶቹ መካከል ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ቅንጭብ ነበረ፤ ተማሪዎቹ ከሁሉ ይልቅ የሚታመን ሲያደርጉት፣ ምሁራኑ ግን ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ አሰለፉት። ይህን ሳነብ «መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው» ያልኩበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ዲግሪ ይዤ የማነበው እንደ ተማሪዎቹ ነበር።

ስለዚህ በየሴሚስተሩ ከምትማሩት የታሪክ ኮርስ አንድ ክስተት ምረጡና ስለ እርሱ የማይስማሙ ሁለት ምስክሮችን ከቤተ መጻሕፍት ፈልጉ፤ ለምን እንዳልተስማሙም አንድ ገጽ ጻፉ። መምህራችሁ ባያዛችሁም አድርጉት። እኔ ለዓመታት ያስቀመጥኳቸውን የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቼን ስገልጥ ከገጽ እስከ ገጽ የማገኘው መደምደሚያ ብቻ ነው።

ካርታም እንዲሁ ነው። ካርታ ሠሪው ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ካርታ፣ መርከበኛ የኮምፓሱን አንድ አቅጣጫ ሳይለቅ በቀጥታ መሥመር መንገዱን እንዲያሰምር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለዚህ ሲባል ግን ወደ ዋልታዎቹ የቀረበው ምድር ሁሉ ተለጥጦ ይታያል። በእርሱ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል ትመስላለች፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ በስፋት 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ካርታው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የተሠራለት ሥራና እኛ ክፍል ውስጥ የሰቀልንበት ምክንያት አልተገናኙም። በጂኦግራፊ ኮርሳችሁ ስለ ካርታ ትንበያ፣ ማለትም ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስለ ማስፈር፣ የሚሰጠውን ትምህርት ለፈተና ብቻ አትያዙት፤ አንድ ኳስ ወስዳችሁ ሳትቀዱና ሳታጨማድዱ በአንድ ወረቀት ለማልበስ ሞክሩ፤ ኋላም ያንኑ ኳስ ይዛችሁ ክፍል ግቡ።

ስታቲስቲክስን ብዙ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ይሸሹታል፤ እኔም ሸሽቼው ነበር። የልጅቷን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ግን እዚያው ሠፈር፣ የሕዝብ ቆጠራን ታሪክ ሳገላብጥ ነው። ስዊድን የሕዝቧን ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ አዘውትራ መመዝገብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1749 ሲሆን፣ ዩናይትድ ስቴትስ የመጀመሪያ ቆጠራዋን በ1790፣ ብሪታንያም በ1801 አካሂደዋል። በ1800 የዓለምን ሕዝብ በሙሉ የቆጠረ ማንም አልነበረም፤ 1 ቢሊዮን የሚባለው ከግብር መዛግብት፣ ከጥምቀትና ከቀብር መዝገቦች፣ እንዲሁም በጥቂት አገሮች ከተደረጉ ቆጠራዎች ተነሥተው በኋላ ዘመን የመጡ ተመራማሪዎች ያሰሉት ግምት ነው። ይህን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ የዓመቱ ምርጥ ክፍለ ጊዜዬ በሆነ ነበር። በኢኮኖሚክስም የአገር ገቢ ስሌትን ስትማሩ፣ ከስሌቱ ቀያሾች አንዱ የሆነው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1934 ይህ ቁጥር የሕዝብን ደኅንነት መለኪያ ተደርጎ እንዳይወሰድ ማስጠንቀቁን አብራችሁ ያዙ።

በዜግነት ትምህርት ስለ ሰነዶች ከተጻፈው ይልቅ ሰነዶቹን ራሳቸውን አንብቡ። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ 30 አንቀጾች ብቻ ነው ያሉት፤ በአንድ ምሽት ይነበባል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 ሲጸድቅ 48 አገሮች ደገፉት፣ የተቃወመ አልነበረም፣ 8 ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። እነዚያ 8 አገሮች እነማን ነበሩ፣ ለምንስ ታቀቡ? ይህ ጥያቄ ብቻውን ለአንድ ሳምንት ትምህርት ይበቃል። ተማሪዎች የሚለያዩበት ጉዳይ ሲነሣም መምህሩ ሁሉንም ወገን በሚገባ ማስረዳት ይጠበቅበታልና፣ የማትቀበሉትን አቋም ባለቤቱ ቢያነበው «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አሳምራችሁ መጻፍን ከአሁኑ ተለማመዱ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ከክፍሌ ግማሹ ፊቱን ካዞረብኝ በኋላ።

ስለ ማስተማር ሥነ ዘዴ ኮርሶች «ባዶ ወሬ ናቸው» ሲባል ትሰማላችሁ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ናቸው። ሆኖም የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዳው፣ መምህር ትምህርቱን ከማወቅና በጥቅሉ ማስተማርን ከማወቅ ሌላ፣ ያንኑ ትምህርት ለተማሪ በሚገባው መልክ የማቅረብ፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳትም አስቀድሞ የማወቅ የራሱ እውቀት ያስፈልገዋል። ይህ የሚገኘው የታሪኩ ኮርስና የሥነ ዘዴው ኮርስ በእናንተ ጭንቅላት ውስጥ ሲገናኙ ነው፤ በትምህርት ፕሮግራሙ ላይ ብዙ ጊዜ አይገናኙምና።

የማስተማር ልምምድ ስትወጡ አንድ አደጋ ይጠብቃችኋል። የመምህርነትን ሙያ ያጠናው ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳመለከተው፣ ማንም ዕጩ መምህር ተማሪ ሆኖ በኖረባቸው ዓመታት መምህራንን ለብዙ ሺህ ሰዓታት ሲመለከት ቆይቷል፤ ያየው ግን ከተማሪ ወንበር ነው፤ የመምህሩን ዝግጅትም ሆነ ጥርጣሬ አላየም። ስለዚህ ሳናውቀው የቀድሞ መምህሮቻችንን እንደግማለን። አማካሪ መምህራችሁን ክፍል ውስጥ ከማየት አልፋችሁ፣ ከትምህርቱ በፊት የትምህርት ዕቅዱን ሲያዘጋጅ አጠገቡ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠይቁት፤ ምን አስቦ ምን እንደ ተወም ይንገራችሁ።

በመጨረሻው የልምምድ ሳምንትም ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምትጠብቁ አማካሪ መምህራችሁ ይቁጠርላችሁ። የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጊዜው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም፣ ራሳቸውም ብዙ ጥያቄ እንደሚያነሡ አሳይታለች። ሦስቱ ሰከንዶች በመጀመሪያ እንደ አንድ ሰዓት ይረዝሙባችኋል። እኔ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር የምጠብቀው፤ እስካሁንም አልፎ አልፎ እቆጥራለሁ።