ሊብጂሲሲ ላይ የሚቆም ክሮስ ኮምፓይለር

ጥያቄ፦ ለኤስቲኤም32 ቦርድ (የአርም ፕሮሰሰር ላለው) ክሮስ ኮምፓይለር፣ ማለትም ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ለሌላ ማሽን ኮድ የሚያዘጋጅ ኮምፓይለር፣ ከሶርስ ኮዱ ልሠራ እየሞከርኩ ነው። ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ ነው ያለው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። ባይንዩቲልስ (አሰምብለሩና ሊንከሩ ያሉበት) ያለችግር አለቀ። ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ ራሱ) ግን ብዙ ከሄደ በኋላ ሊብጂሲሲ (ደጋፊ ላይብረሪው) ላይ ሲደርስ «ካኖት ኮምፒዩት ሰፊክስ ኦፍ ኦብጀክት ፋይልስ» ብሎ ይቆማል። ሦስቴ ከዜሮ ጀመርኩ፣ ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አራተኛውን ከመጀመርህ በፊት ትንሽ ቆይ። ይህ መልእክት ስንቱን አስለቅሷል! ሰፊክሱ (የፋይሉ ስም መጨረሻ) ምንም አላጠፋም። ኮንፊገር (ከቢልዱ በፊት ሁኔታውን የሚፈትሸው ስክሪፕት) አዲስ በተሠራው ጂሲሲ አንዲት ሚጢጢ የሲ ፋይል ኮምፓይል አድርጎ፣ የወጣው ፋይል ስም በምን እንደሚያልቅ ማየት ነው የፈለገው። ኮምፓይሉ ራሱ ስለከሸፈ የሚያየው ፋይል አጣ።

ለምን እንደከሸፈ የተጻፈው ኮንፊግ ሎግ (የኮንፊገር መዝገብ ፋይል) ውስጥ ነው። ግን የትኛው? ብዙ ሰው ዋናው ቢልድ ፎልደር ውስጥ ያለውን ይከፍትና ባዶ እጁን ይመለሳል። አንተ በታርጌቱ (ኮዱ በሚሠራበት ማሽን) ስም ወደተሰየመው ፎልደር ግባ፤ እዚያ ሊብጂሲሲ ውስጥ ያለውን ክፈት። መጨረሻው የቫሪያብል ዝርዝር ብቻ ስለሆነ እዚያ አትድከም። ወደ ላይ ውጣና «ኤረር» የሚለውን ፈልግ።

አሰምብለሩ «አንሪኮግናይዝድ ኦፕሽን» ብሎ ከሆነ፣ ጂሲሲህ የአርሙን አሰምብለር አጥቶ የላፕቶፑን እየጠራ ነው። ለኢንቴል የተሠራ አሰምብለር የአርም ትእዛዝ ከየት ያውቃል? ለባይንዩቲልስና ለጂሲሲ የሰጠኸው ፕሪፊክስ (የሚጫኑበት ፎልደር) አንድ መሆኑን እይ። የታርጌቱም ስም እንደዚያው፤ አንዱ ጋ «አርም-ነን-ኢኤቢአይ»፣ ሌላው ጋ «አርም-ኢኤቢአይ» ካልክ አይገናኙም። ከዚያ የፕሪፊክሱን ቢን ፎልደር ፓዝ (ሲስተሙ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ አስገባ።

በነገራችን ላይ ሱዶ (ትእዛዝን በአድሚን ሥልጣን የሚያስነሳውን) አትጠቀም። እኔ አንዴ ሜኩ (ቢልዱን የሚያካሂደው ትእዛዝ) በሰላም አልቆ፣ በሱዶ ኢንስቶል ሳደርግ «ራንሊብ አልተገኘም» አለኝ፤ ራንሊብ ከባይንዩቲልስ መሣሪያዎች አንዱ ነው። ተርሚናሉ ላይ ስጠራው ግን አለ። ለካ ሱዶ የእኔን ፓዝ ትቶ የራሱን ይጠቀማል! ሁለት ሌሊት በላኝ። ፕሪፊክሱን ሆም ፎልደርህ ውስጥ አድርገው፣ ትገላገላለህ።

ሎጉ «ሼርድ ላይብረሪ» መጫን አልቻልኩም ካለና ጂኤምፒ፣ ኤምፒኤፍአር ወይም ኤምፒሲን (ጂሲሲ የሚፈልጋቸውን የስሌት ላይብረሪዎች) ከጠቀሰ ደግሞ መፍትሔው ሌላ ነው። በጂሲሲ ሶርስ ውስጥ ኮንትሪብ የሚባል ፎልደር አለ፤ እዚያ ያለው «ዳውንሎድ ፕሪሪኩዚትስ» ስክሪፕት ሦስቱንም ያወርድልሃል። ከዋናው የሶርስ ፎልደር ሆነህ አስነሳው። ከዚያ ከጂሲሲው ጋር አብረው ይሠራሉ።

የቱንም ብታስተካክል ቢልድ ፎልደሩን ከነምናምኑ አጥፋና አዲስ ክፈት። ከሶርሱ ፎልደር ውጭ ይሁን፤ ውስጡ መሥራት ጣጣ ነው።

ይህን ስታልፍ «ኤስቲዲአይኦ (የሲ ሄደር ፋይል) የለም» የሚል ሊመጣብህ ይችላል። አትደንግጥ፣ የሲ ላይብረሪው ገና ስላልተሠራ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ቋንቋውን ሲ ብቻ አድርግና «ዊዝአውት ሄደርስ» እና «ዊዝ ኒውሊብ» የሚሉትን ኦፕሽኖች ጨምር። ባዶ ሜክ አትበል፤ «ኦል-ጂሲሲ»ን እና «ኦል-ታርጌት-ሊብጂሲሲ»ን ብቻ ጥራ። ቀጥሎ የሲ ላይብረሪውን፣ ኒውሊብን፣ ሥራ፤ ከዚያ ወደ ጂሲሲ ተመልሰህ ጨርሰው።

ራምህ 4 ጊጋ ስለሆነ ሜኩን ስምንት ሥራ በአንዴ አታስሩጠው። ማሽኑ ሲጨንቀው ከርነሉ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል፣ አንተም ኮዱ የተበላሸ ይመስልሃል። በሁለት ይበቃል፤ ስዋፕም (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምር።

ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ፍላጎትህ ቦርዱ ላይ ኤልኢዲ ማብራት ብቻ ከሆነ ኡቡንቱ ውስጥ ዝግጁው ፓኬጅ አለ፣ በአፕት ጫነው። አይ፣ ራሴ ሠርቼ ማየት አለብኝ ካልክ ደግሞ ቀጥል። ሎጉ ሌላ ነገር ካሳየህ፣ ከኤረሩ በላይ ያሉትን አሥር መስመሮች ላክልኝ። የመጨረሻዋን መስመር ብቻ እንዳትልክ!