አሞክሳሲሊን ለምን አልሠራልኝም?

ጥያቄ፦ ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ሦስት አራት ቀን እወስድና ሲሻለኝ አቆማለሁ፤ የተረፈውንም ለሌላ ጊዜ አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ወር ከጉንፋን ጋር ጉሮሮዬን አሞኝ ብወስደው ግን ለውጥ አላየሁም። ሰውነቴ መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆን? ጠንከር ወዳለ መድኃኒትስ ብለውጥ? (አንባቢያችሁ ከአዳማ)

መልስ፦ መድኃኒቱን የሚላመደው ባክቴሪያው እንጂ የሰው ሰውነት አይደለም። በእርስዎ ጉሮሮ ውስጥ ግን ይህም የተከሰተ አይመስለንም፤ ከጉንፋን ጋር የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነውና። ባክቴሪያ በዙሪያው ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ አለው፤ ሲያድግና ሲራባ ይህን ግድግዳ ያለማቋረጥ ያድሳል። አሞክሳሲሊን፣ እንደ ዘመዱ እንደ ፔኒሲሊን፣ የግድግዳውን ክሮች እርስ በርስ የሚያያይዙትን ኢንዛይሞች ሥራ ያስፈታል፤ ግድግዳው ሲሳሳ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባና ባክቴሪያው ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይጎዳም፤ ቫይረስም ስለሌለው አይነካም። ቀደም ሲል የተሻለዎት ምናልባት ሕመሙ በራሱ ጊዜ ስለለቀቀዎት ይሆናል።

ከባክቴሪያዎች መካከል ጉሮሮን በዋናነት የሚያጠቃው ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ሲሆን፣ የሚያስገርመው ነገር ፔኒሲሊን ከ80 ዓመታት በላይ ሲታዘዝ ቆይቶም ይህ ባክቴሪያ ዛሬም በፔኒሲሊን ይሞታል። በወጉ ካልታከመ ግን፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ የልብን በሮች ለሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ሊዳርግ ስለሚችል፣ ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ከፍተኛ ትኩሳትና የአንገት ዕጢ እብጠት ከታየ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ ሕመም የተለመደው የአሞክሳሲሊን ሕክምና 10 ቀን ስለሆነ፣ የእርስዎ ሦስት አራት ቀን በቂ አይሆንም ነበር።

የዋጡት መድኃኒት ታዲያ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ከፊሉ አንጀት ውስጥ ይደርሳል፤ በዚያ ከሚኖሩት እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች መካከል ደግሞ መድኃኒቱን የሚሰብር ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም የሚሠሩ ጥቂቶች አስቀድመው አሉ። ይህን ችሎታ ያስተማራቸው የሐኪም ማዘዣ አይደለም፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ አብርሃምና ኤርነስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያጠፋ ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1940፣ ቡድናቸው መድኃኒቱን ለሕሙማን መስጠት ከመጀመሩ በፊት ነበር። የእኛ ድርሻ የማይቋቋሙትን ገድለን ለሚቋቋሙት ቦታ መልቀቅ ነው፤ ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሁኔታው ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ስለሚሆን፣ የተለቀቀው ቦታ ቶሎ ይሞላል።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። የመቋቋም ችሎታን የያዘው ዘረ መል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፕላስሚድ በሚባል ቀለበት መሰል የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ሲሆን፣ ባክቴሪያዎች ሲነካኩ የዚህን ቅጂ ለሌላ ዝርያ ጭምር ያቀብላሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳዩት፣ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ብዙ መድኃኒቶችን የመቋቋም ችሎታን ከኢ ኮላይ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ ለጉንፋን የተወሰደው አሞክሳሲሊን መዘዙ ከወራት በኋላ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዝዎት ሊመጣ ይችላል፤ የዚህ ኢንፌክሽን ዋነኛ መንስኤ ያው ኢ ኮላይ ነውና።

ጠንከር ወዳለ መድኃኒት ስለመለወጥ ለጠየቁት፣ እባክዎ አያድርጉት። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሆነ አዚትሮማይሲን እንደ አሞክሳሲሊን ሁሉ የጉንፋንን ቫይረስ አይነኩም። እንዲያውም ፔኒሲሊንን ያልተቋቋመው ስትሬፕቶኮከስ አዚትሮማይሲንን መቋቋም የጀመረባቸው አገሮች በርካታ ናቸው። ለጉንፋኑ ዕረፍት፣ ትኩስ መጠጥና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ቤት ያስቀመጡትን ትርፍ ካፕሱል ደግሞ ለራስዎም ሆነ ለጎረቤት ልጅ አይስጡ፣ ፋርማሲስቱን አማክረው ያስወግዱት።